ሱሉልታ ያለችው የእርሾ ሱቅ፣ እርሾ ከሌላ ቦታ የማልገዛበት ምክንያት

ድፎ በትእዛዝ ለምትጋግሩ፣ ትንሽ ዳቦ ቤት ላላችሁም፣ ይቺን ሱቅ ልጠቁማችሁ። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ስትገቡ ዋናው አስፓልት ዳር ናት፣ ጠባብ ነገር ናት፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ቤኪንግ ፓውደር ምናምን አለ ግን እሱ የትም አለ። እኔ የምሄደው ለደረቅ እርሾው ነው። የሱቋ ባለቤት እትዬ እርሾውን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ ትልቁን ፓኬት ከፍተው በትንሽ በትንሹ ሲሸጡም ወዲያው አየር እንዳይገባው አጥብቀው ያስሩታል። ሌላ ሰፈር ግን የተከፈተ ፓኬት ፀሐይ የሚመታው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በማንኪያ እየተቀነሰ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ ያ እርሾ ሊጥ ባያነሳ ምን ይገርማል።

ምክንያቱም እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው ጓዶች! አንድ ግራም ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ሴል አለ፣ አብዛኛው ተኝቷል እንጂ አልሞተም። እንዴት እንደሚተኛ ካወቃችሁ ደግሞ አያያዙን በሌላ አይን ነው የምታዩት። ፋብሪካ ውስጥ ሞላሰስ (ከስኳር ምርት የሚተርፈው ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) በጥቂት በጥቂቱ እየተሰጠው ነው የሚያድገው፣ ስኳሩ ባንዴ ከበዛበት አየር እያለም ወደ አልኮል ማምረት ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ናይትሮጅኑ ይቀነስበታል፣ ያኔ ሴሉ ምግብ ማለቁን ያውቃል። ቶር የሚባለው ፕሮቲን አሚኖ አሲድና ናይትሮጅን ሲኖር "እደግ፣ ፕሮቲን ስራ" የሚል ነው፣ ፒኬኤ የሚባለው ደግሞ ግሉኮስ ሲያገኝ ተመሳሳዩን ይላል። ምግቡ ሲጠፋ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሴሉ መከፋፈሉን ያቆማል፣ ትሬሃሎዝ የሚባል ስኳር ያጠራቅማል፣ ሲደርቅ እንዳይሞት የሚጠብቀው በዋናነት እሱ ነው። ማለት ፓኬቱ ውስጥ ያለው እርሾ ክረምት ሳይገባ ጎተራውን እንደሞላ ገበሬ ተዘጋጅቶ የተኛ ነው። እርጥበትና ሙቀት ካገኘው ግን ሊጥ ሳያይ እዛው ያልቃል፣ እትዬ ፍሪጁን የሚሉት ለዚህ ነው።

የቶር ታሪክ ራሱ ደስ ይላል። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኢስተር ደሴት ከተወሰደ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ በኋላ ላይ ራፓማይሲን የሚባል መድኃኒት ተገኘ፣ ከዛ በ1991 ስዊዘርላንድ ባዝል ላይ እነ ማይክል ሆል የሚባሉ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ የማይጎዳቸውን እርሾዎች ለይተው ቶርን አገኙ። ያ ፕሮቲን እኛም ሰውነት ውስጥ አለ! የጃፓኑ ዮሺኖሪ ኦሱሚም በ2016 ኖቤል የተሸለመው የተራበ እርሾ የራሱን ያረጀ ዕቃ እየበላ እንዴት እንደሚቆይ ስላጠና ነው። ይሄ ሁሉ እውቀት የመጣው ከዚችው ከምንጋግርባት እርሾ መሆኑ ሁሌ ይገርመኛል።

ወደ ሱቁ ስመለስ፣ እትዬ ዝም ብለው አይሸጡም። "የኔ ልጅ፣ ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ስኳሩን ቁንጥር ብቻ፣ አረፋ ሳይዝ ዱቄት እንዳትነካ" ይላሉ፣ አዲስ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ሁለቴ ይነግሩታል። ልክ ናቸው፣ ያቺ ቁንጥር ስኳር ፒኬኤን ትቀሰቅሳለች፣ ሴሉ ትሬሃሎዙን ሰብሮ ስራ ይጀምራል። ስኳር ከበዛ ግን ከሴሉ ውሃ ስለሚስብበት ውሃ የሚይዝለትን ግሊሰሮል የሚባል ነገር እየሰራ ራሱን ሲከላከል ጉልበቱ ያልቃል፣ ጣፋጭ ሊጥ የሚዘገየው ለዛ ነው፣ ጨውም እንደዛው። የሱሉልታ ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ሊጥ ሰዓት ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ።

እርሾም ያረጃል እኮ። አንዲት እናት ሴል በአማካይ 25 ጊዜ ገደማ ልጅ ካወጣች በኋላ ታቆማለች። ላብራቶሪ ውስጥ ግሉኮሱን ከ2 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ሲያወርዱት ከዛ በላይ ትወልዳለች፣ ሳትከፋፈል የምትቆየዋም ረጅም ጊዜ ትኖራለች፣ ስኳር የበዛበት ግን ያመረተው አሴቲክ አሲድ ራሱን ይገድለዋል። እኔ ከሊጥ ቀንሼ ለነገ የማስቀምጠው ስኳር ሳይገባበት በፊት የሆነው ለዚህ ነው።

የማልወድላቸው ነገር አለ፣ ከፋፍለው በሚሸጡት ትንንሽ ላስቲክ ላይ ቀን አይጽፉበትም፣ መቼ እንደተከፈተ ጠይቃችሁ ነው የምታውቁት፣ ሲጠየቁ ግን እውነቱን ይናገራሉ። ዋጋው ከአዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አይለይም፣ ታክሲው ግን ያስወጣል ስለዚህ ሰብሰብ አድርጋችሁ ግዙ፣ ቤት እንደደረሳችሁም ፍሪጅ። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ቀደም ብላችሁ እዘዙ፣ ዋዜማው ላይ ሄዳችሁ አታገኙም።