ፕራዶ ላይ አንድ ልክ ከፍ ያለ ጎማ፣ ሞላ ሳይነካ፦ ክረምቱንም በጋውንም ከነዳሁበት በኋላ

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር። ጎማው ጥሩ ነው፣ ገዝቼውም አልተቆጨሁም። የምጽፈው ግን ስለ ጥሩነቱ አይደለም። «ምንም አይነካም» ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ አባይ በረሃ ላይ ሲታጠፍ የመኪናዋን አካል መንካቱን ልነግራችሁ ነው። ይህን ጉዳይ በግልጽ የሚያወራ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ፎቶ ያነሳል፣ «ገባ» ይላል፣ በቃ። መግባትና ተጭኖ መሄድ ለየቅል ናቸው።

መኪናዋ ፕራዶ 150 ናት፣ 2.7 ቤንዚን። ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ 265/65 R17 ነበር፤ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ የምታዩት ተለጣፊም ይህንኑ ይላል። እኔ ያስገባሁት 265/70 R17 ነው፣ ኦል ቴሬይን፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆን። ቸርኬው የራሷ ነው፤ ሞላም ሾክ አብዞርበርም አልተነካም።

ቁጥሩ ግር ለሚለው ሰው፦ 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 ማለት ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው። ከ65 ወደ 70 ሲኬድ ጎኑ በ13 ሚሊሜትር ግድም ይረዝማል። ከላይም ከታችም ስለሚጨምር ጎማው በጠቅላላው 26 ሚሊሜትር ይተልቃል። መኪናዋ ግን ከመሬት ከፍ የምትለው በ13ቱ ብቻ ነው፣ የትንሿን ጣት ውፍረት ያህል። «ጎማ ብቻ ቀይር፣ የትም ትገባለህ» የሚላችሁ ሻጭ ካለ ይህን ሒሳብ አስቀምጡለት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሻጩ የሞከረው ግቢው ውስጥ ነው። ባዶ መኪና፣ የቆመ መኪና። መሪውን ግራ አዞረ፣ ቀኝ አዞረ፣ «አየህ አለቃ፣ አይነካም» አለ። እውነቱን ነው፣ እዚያ አልነካም። አዲስ አበባ ውስጥም ለወራት ድምፅ አላሰማም። ከዚያ ቤተሰብና ሻንጣ ጭኜ ወደ ባሕር ዳር ወጣሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት የወረደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል፤ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ከፍታ ትወርዳላችሁ፣ መታጠፊያው አያልቅም፣ አስፋልቱ በየቦታው ተንሸራቶ ተጣሟል። አንዱ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከባድ መኪና ላሳልፍ ፍሬን ይዤ መሪውን እስከ ጫፍ ስሰብረው ከፊት ግራ ጎማ በኩል «ክርርር» አለ። የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይም ደገመው። ልጆቹ ከኋላ «አባዬ ምንድነው?» ይላሉ፣ ባለቤቴ ዝም ብላ ታየኛለች። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ያን ድምፅ ሰምቶ «ፍሬኑ ይሆን?» ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ለሹፌር አይነገርም።

ደጀን ስንደርስ ወርጄ መሪውን እንደታጠፈ ትቼ በስልክ መብራት አየሁት። ከፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ ከሚሸፍነው አካል) ውስጥ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከኋላ በታች በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ልክ እንደተወለወለ ጫማ ያበራል። ከፕላስቲኩ መያዣዎች አንዱ ተነቅሎ ወድቋል። የጭቃ መከላከያው ላስቲክ ጫፉ ተበልቷል። የፍሬን ዘይት ቱቦውን ዳሰስኩ፣ ደህና ነው። ጎማው ላይም ከጭረት በቀር ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የተመለሰው።

ለምን እዚያ ነካ፣ ግቢ ውስጥ ለምን አልነካም? ሰው ስትጭኑና ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። የፊት ሞላ ይጨመቃል፣ ጎማው ሽቅብ ወደ ፓራፋንጎው ይገባል። በዚያ ላይ መሪው ታጥፏል፣ የጎማው ጥግ ወደ ኋላ ዞሯል። በዚያ ላይ የተጣመመ አስፋልት ከሥር ይገፋዋል። ሦስቱ የሚገናኙት መንገድ ላይ እንጂ ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ አይደለም። ስለዚህ ወንድሜ፣ «አይነካም» ስትለኝ በየትኛው ሁኔታ እንደሆነ ጨምረህ ንገረኝ። አራት ሰው አስቀምጥ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ስበር፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ በአንድ ጎማ አውጣት፣ ወደ ኋላም ሂድባት። ከዚያ በኋላ ካልነካ እኔም ከአንተ እገዛለሁ፣ ጓደኞቼንም አመጣልሃለሁ።

ተመልሼ ሄጄ ስነግረው ሁለት መድኃኒት አቀረበልኝ። አንደኛው ስፔሰር ነው፤ ቸርኬውን ወደ ውጭ የሚገፋው ብረት። ስፔሰር ጎማው ከውስጥ በኩል የያዘውን የብረት ክንድ ሲነካ ሊረዳ ይችላል። የእኔ ችግር ግን ፓራፋንጎው ነው። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር ሲታጠፍ የሚሠራው ክብ ይሰፋል፣ ያንኑ ፕላስቲክና መከላከያውን ይበልጥ ይነካል። ለበሽታው በሽታ የሚጨምር መድኃኒት ነው።

ሁለተኛው ሊፍት ነው። «ሁለት ኢንች እናነሳታለን፣ ነገሩ አለቀ» አለኝ። አላለቀም። ረዥም ሞላ መኪናዋን ቆማ ሳለ ከፍ ያደርጋታል። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ግን ጎማው የሚደርሰው ድሮ የሚደርስበት ቦታ ነው፣ ሞላው ሲጨመቅ የሚያቆመው ላስቲክ ካልተቀየረ በቀር። ሊፍት መንካቱን ያሳንሳል፣ አያጠፋውም። ለዚያ ደግሞ ብዙ ብር አውጥቼ መኪናዬ መታጠፊያ ላይ እንድትወዛወዝብኝ አልፈልግም። ቤተሰብ ነው የምጭንባት።

መፍትሔ ያገኘሁት አላይመንት (የጎማ አቋም ማስተካከል) ከሚሠሩ አንድ ጋሼ ዘንድ ነው። ከሥር ገብተው አዩና «ይቺን ትንሽ ወደ ፊት እናምጣት» አሉ። የፕራዶ የታችኛው ክንድ ላይ ለአላይመንት የሚዞሩ ብሎኖች አሉ። እነሱን አዙረው ካስተር የሚባለውን ልክ፣ ማለትም ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበትን መጠን፣ ሲጨምሩት ጎማው በጥቂት ሚሊሜትር ወደ ፊት ይመጣል፤ ከሚነካው የኋላ ጠርዝ ይርቃል ማለት ነው። መሪው ትንሽ ከበድ ይላል፣ በረዥም መንገድ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ወድጄዋለሁ። ከዚያ ፕላስቲኩን በሙቅ አየር አለስልሰው ወደ ኋላ ገፉትና በአዲስ መያዣ አሰሩት፣ የተበላውን ላስቲክ ጫፉን ቆረጡት። ብረት አልተቆረጠም፣ ምንም አልተበየደም። የጠየቁኝ ዋጋ ሻጩ ለስፔሰር ከጠራው ያነሰ ነው። እጃቸው ይባረክ። በዚያው አባይ በረሃ ሰው ጭኜ ወርጄ ወጥቻለሁ፤ ድምፁ የለም። አሁን የሚነካው መሪውን ጫፍ አድርሼ ወደ ኋላ ስሄድ ጉድጓድ ካጋጠመኝ ብቻ ነው፣ እሱም ለስላሳ ነው።

ሌላ የተከራከርኩበት ነገር ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው ነው። «አራት ይበቃሃል፣ ስኮርታ ለችግር ጊዜ ነው» ይሉሃል። ፕራዶ 150 ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ ነው የምትነዳው። ትንሹን ስኮርታ ከሦስት ትልልቆች ጋር ካሰራችኋት የፊትና የኋላ ጎማዎችን የፍጥነት ልዩነት የሚያስታርቀው መካከለኛው ዲፈረንሻል ቀጥታ መንገድ ላይ እንኳ ያለ ዕረፍት ይሠራል። ጎማ የሚፈነዳው ደግሞ ጎሚስታ በር ላይ አይደለም። መቶ ኪሎሜትር በዚያ ሁኔታ ነድቶ የዲፈረንሻል ዋጋ ከመጠየቅ አምስተኛውን ጎማ መግዛት ይሻላል። እኔ አምስት ገዛሁ። የኋላ በሩ ላይ ያለው የስኮርታ ሽፋን ግን አልዘጋ አለ፣ ጠበበው፤ አውጥቼ ቤት አስቀምጬዋለሁ።

የፍጥነት ቆጣሪው ነገር ሰው ከሚያወራው ቀላል ነው። ጎማው በ3.4 በመቶ ተልቋል፤ ቆጣሪው 100 ሲል መኪናዋ ድሮ 100 ሲል ከምትሄደው በዚያው ያህል ትፈጥናለች። የፋብሪካ ቆጣሪ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጨምሮ ነው የሚያሳየው፤ በስልኬ ጂፒኤስ ሳመሳክረው አሁን ተቀራርበዋል። ኪሎሜትሩ ግን አሳንሶ ይቆጥራል። ነዳጅ በላች ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ያን ልዩነት ጨምሩበት። የእኔ ስትታይ በጣም የበላች ትመስል ነበር፣ ሳስተካክለው ጭማሪው ትንሽ ሆነ።

ጉልበቷ ግን ቀንሷል፣ ይህን አልደብቅም። 2.7 ቤንዚን ቱርቦ የለውም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ ድሮውንም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በዚያ ላይ ትልቅና ከባድ ጎማ ሲጨመር ወደ እንጦጦ ስወጣ ማርሹ ድሮ ከሚወርድበት ቦታ ቀድሞ ይወርዳል። ናፍጣ ያላችሁ ይህ ብዙም አይሰማችሁም። ቤንዚን ያላችሁ ከዚህ ልክ አትለፉ። 285/70 ያለ ሊፍት ይገባል የሚላችሁ ካለ ፓራፋንጎ ብቻ ሳይሆን የቦዲው ማሰሪያ ብረት ጭምር ሊነካ ነው፤ ብዙዎች ያን ብረት ያስቆርጣሉ። እኔ ለጎማ ብዬ የመኪና ብረት አላስቆርጥም።

ኮብልስቶን ላይ ግን ልዩነቱ ደስ ይላል። ጎኑ ረዘም ስላለ ጉድጓዱን ይውጠዋል፣ ወገብ አይመታም፣ እናቴ እንኳ «ጎማ ቀየርክ እንዴ?» ብላኛለች። ክረምት ጭቃ ላይም ይይዛል። ሲያልቅ ይህንኑ ልክ ነው የምገዛው፣ አምስቱንም፤ አላይመንቱንም መንገድ ከመውጣቴ በፊት እዚያው ጋሼ ዘንድ አሠራለሁ።