ለቪትዜ ድምፅ ላበጁላት ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ሌላ ትንሽ መኪና ያላችሁ፣ ሙዚቃን ቤዙ ሳይጓደል መስማት የምትወዱ ሰዎች ይህን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ከጎተራ ማሳለጫ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንዲሁ ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅዎን ይባርከው።

ቪትዜ ከጃፓን የመጣች፣ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ናት። አብሯት የመጣው ቴፕ ለጃፓን የኤፍኤም ስርጭት የተሠራ ስለሆነ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ባለው መካከል ብቻ ነው የሚሠራው። የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። አንቴናው ላይ በተገጠመች ትንሽ መቀየሪያ አማካይነት ሸገር 102.1ን 82.1 ላይ፣ ፋና 98.1ን 78.1 ላይ እየፈለግኩ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ያውም ከነሽውሽውታው። የበሮቹ ስፒከሮችም በእርጅና ተቀድደው ነበር። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን ተንከባክቦ መያዝ ግድ ሆኗልና፣ ከቀየርኩ አይቀር በደንብ ልቀይር ብዬ ተነሣሁ። ሴት ልጅ ቤዝ አትወድም ብሎ የሚያስብ ካለ ዛሬ ሐሳቡን ያስተካክል።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት የመኪና ዲኮር ቤቶችን አዳርሻለሁ። በአንዱ ሻጩ የምፈልገውን ተናግሬ ሳልጨርስ «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። በሌላው ደግሞ 3000 ዋት ተብሎ በትልልቁ የተጻፈበት አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ከባለ 12 ኢንች ሳብዉፈር፣ ማለትም ቤዙን ብቻ ከሚያወጣ ትልቅ ስፒከር ጋር አወጡልኝ። ለትንሽ መኪና አይከብድም ወይ ብዬ ስጠይቅ «ቤት ያፈርሳል!» የሚል መልስ ተሰጠኝ። እኔ ቤት የማፍረስ ዕቅድ አልነበረኝም። የዕቃውን ፎቶ አንሥቼ ወጣሁ።

ያንን ፎቶ ነው መጀመሪያ ለጋሼ ያሳየኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስልኬን ተቀበሉና ምስሉን አጎሉት። «3000 የሚለውን ተዪው ልጄ፣ ገመዱ የሚገባበት ጎን ያሉትን ፊውዞች አንብቢልኝ» አሉኝ። ሁለት ፊውዞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 30 አምፔር። እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አውርደው በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉ፦ 60 ሲባዛ በ14፣ 840። ሞተር ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ ፊውዞቹ ሳይቃጠሉ ይህ ዕቃ ከባትሪው ያለማቋረጥ ሊወስድ የሚችለው በግምት 840 ዋት ነው ማለት ነው። ዓይነቱ ደግሞ ከሚወስደው ግማሽ ያህሉን በሙቀት የሚያባክን የቀድሞው ዓይነት ነበር። «ወደ ስፒከሩ ከ400 እስከ 450 ዋት ከደረሰ ጥሩ ነው። ታዲያ ቀሪው ከየት ሊመጣ ነው?» ብለው ስልኬን መለሱልኝ። ሌሎቹን ቤቶች አልተሳደቡም፤ ዝም ብለው ብቻ ካርቶኑን ሰጡኝ። እስካሁን አለኝ።

ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ሞተር አስነሥተው፣ የፊት መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን ሁሉ አብርተው ቴስተራቸውን ባትሪው ላይ አደረጉ። ዲናሞው ያን ሁሉ ተሸክሞ ከ13.5 ቮልት በላይ ሰጠ። ይህን ሳያዩ ስለ ዕቃ አንድ ቃል አልተናገሩም። ካዩ በኋላ ግን ምርጫቸውን ፈጥነው ነገሩኝ፦ ለሳብዉፈሩ ክላስ ዲ የሚባለው፣ የወሰደውን ኃይል አብዛኛውን ወደ ድምፅ የሚቀይር የ400 ዋት አምፕሊፋየር፤ ለበሮቹ ስፒከሮች ባለ አራት መስመር ትንሽ አምፕሊፋየር፤ ሳብዉፈሩ 12 ሳይሆን 10 ኢንች። ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያጠራቅም ዕቃ) ልጨምር ወይ አልኳቸው፣ ብዙ ሰው ሲገጥም ስላየሁ። «ኮንደንሰር ኃይል አይፈጥርም፣ ገንዘብሽን ለገመዱ አውዪው» አሉኝ።

ገመዱ እውነትም ዋና ነገር ሆኖ ተገኘ። ገበያ ላይ ወፍራም መስሎ የሚሸጠው ብዙው ገመድ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጋሼ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው ነጭ ሲወጣ አሳዩኝ፤ የራሳቸው ሲፋቅ እስከ ውስጥ ቀይ ነው። ዋናውን ፊውዝ ባትሪው አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ አሰሩት፤ ይህ ፊውዝ የተቀመጠው አምፕሊፋየሩን ሳይሆን ገመዱን ለመጠበቅ ነው፣ ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ከብረት ጋር ቢነካካ መኪና የሚያቃጥለው እሱ ነውና። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አለበሱለት። የኃይል ገመዱን በግራ በኩል፣ የድምፅ ገመዱን በቀኝ በኩል ወሰዱት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሄዱ የዲናሞው ጩኸት ከሙዚቃው ጋር ሊገባ ይችላል፣ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር «እይይይ» የሚለው ድምፅ አንዱ መነሻው ይህ ነው። ማሳውን፣ ማለትም ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ገመድ ሲያስሩ ደግሞ ወለሉ ላይ ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈጉት፤ ካሰሩት በኋላ እንዳይዝግ መልሰው ዙሪያውን ቀለም ቀቡት።

ያልጠበቅኩት ሥራ የወጣው ቴፑ ሲፈታ ነው። መሪው ሲዛወር ገመዶቹ ተቆርጠው ተቀጥለው ነበር፤ አንዳንዶቹ እንዲሁ ተጠማዝዘው ናስትሮ ብቻ የተጠቀለለባቸው ናቸው። ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጋሼ ይህንን ሲያዩ ሥራውን አቁመው ጠሩኝ፤ «በዚህ ላይ አዲስ ዕቃ አልገጥምም» አሉ። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ፈትተው በስታኞ በየዱት፣ ለየብቻው ሸፈኑት። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ጠይቀዋል፤ ነገር ግን ከመሥራታቸው በፊት ነው የጠየቁት፤ ሒሳቡንም የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለይተው በወረቀት አስፍረውታል። ስንት እንደከፈልኩ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ፤ የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የእኔ ቁጥር ያሳስታችኋል። ርካሽ ናቸው አልልም።

አሁን ሳብዉፈሩ ወደሚገጠምበት ሳጥን። ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ቦታ ሁለት የገበያ ዘንቢል ከያዘች የምትሞላ ናት፤ እኔ ደግሞ ስኮርታዬ እንዲወጣ አልፈልግም። ጋሼ በኤምዲኤፍ (በተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ወደ 20 ሊትር የሚይዝ ድፍን ሳጥን ሠርተው፣ ጀርባውን ከወንበሩ ጋር እኩል አጋድለው አስቀመጡት፤ በአራት ብሎን ተፈትቶ ይወጣል፣ ስኮርታውም ሥር ላይ እንዳለ ነው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ይበልጥ አይጮህም ወይ ስላቸው የነገሩኝን በጣም ወድጄዋለሁ። 50 ኸርዝ የሚሆን ወፍራም ድምፅ አንድ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፤ ቪትዝ ሙሉ ርዝመቷ 4 ሜትር አይሞላም። ሞገዱ ተዘርግቶ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ በጋቢናው ውስጥ ያለውን አየር በሙሉ አንድ ላይ ይገፋዋል፣ ቤዙም በራሱ ይበረታል። የመኪናዋ ጥበት በዚህ በኩል ሀብት ነው። ሚኒባስ ውስጥ ቢሆን ይህ ሳጥን ምንም አይታወቅም ነበር አሉኝ።

ሙከራው የዓቢይ ጾም ሰሞን ነበርና በገና ከፈትኩላቸው። በገና ለስፒከር ከባድ ፈተና ነው፦ ዐሥሩ አውታሮች ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ በዚያ ላይ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ያለችው እንዝራ የምትባል ትንሽ ቆዳ የምትሰጠው ያ ንዝረት አለ። አንድ ነገር ሲንዘረዘር ሰማሁና የግራ በሩ መስሎኝ ጠቆምኩ። ጋሼ በሩን በመዳፋቸው ተጫኑት፣ ድምፁ አልቆመም። ሳቁብኝ፤ እንዝራዋ ናት። እኔ እንዝራን ከመኪና ስፒከር ለይቼ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም፤ ከስልካቸው አንድ ወጥ ድምፅ ከ30 እስከ 100 ኸርዝ ቀስ እያሉ አሳደጉና ጆሯቸውን በየቦታው እያስጠጉ ዞሩ። የሚንቀጠቀጠው የኋላው ታርጋ ነበር። ፈትተው ከጀርባው ቀጭን የጨርቅ ንጣፍ ለጥፈው መልሰው አሰሩት፣ ዝም አለ።

ከማርሹ አጠገብ ቤዙን ብቻ የምትቀንስና የምትጨምር ትንሽ ቁልፍም አስቀምጠውልኛል። «ሰፈር ስትገቢ ዝቅ አድርጊያት፣ የሚያጠባ ጎረቤት ይኖራል» ብለውኛል፤ እያደረግኩ ነው።

ቅሬታ የለሽም ወይ ካላችሁ አለኝ። ጋሼ ስልክ አያነሱም። እጃቸው ላይ ሥራ ካለ ሚኒስትር ቢደውልም አያነሱም። ቀጠሮም ሲያስረዝሙ ያስረዝማሉ፤ ነገ ጠዋት ለጉዞ የምትፈልጉትን መኪና አትውሰዱላቸው። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው የሚቀመጥባት ወንበርም አንዲት ብቻ ናት፣ እሷም የቪትዝ የኋላ ወንበር ናት።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። እሑድ አይሠሩም። ስትሄዱ የኋላውን ዕቃ ባዶ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ዕቃ ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ የምትወስዱም ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት የፊውዞቹን ፎቶ አሳዩአቸው።