አዲስ አበባ ላይ ቻይና ቤት ከመግባትዎ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ የቻይና ምግብ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ «ሼፉ ከየትኛው ክፍለ ሀገር ነው?» ብሎ ይጠይቅ። እኔ የምኖረው ደቡብ ቻይና፣ ጓንግዡ ከተማ ነው። እዚያ የሲቹዋን ሰው፣ የላንዡ ሰው፣ የሰሜን ምሥራቁ ሰው ሁሉም የየራሱ ምግብ ቤት አለው። እዚህ ግን ብዙ ሰው ቻይና ቤት ገብቶ የሚያዘው ያው ፍራይድ ራይስና ስፕሪንግ ሮል ነው። ዘንድሮ ለእረፍት ስመጣ እናቴንና እህቶቼን ይዤ ቦሌንና ወሎ ሰፈርን፣ የኢትዮ ቻይናን መንገድ ጨምሮ፣ ዞርኩት።

ከሁሉም የወደድኩት የሲቹዋኑን ሆት ፖት ነው። ቤቱ ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ያለ ቪላ ነው። ታፔላው በቻይንኛ ብቻ ስለሆነ የራይድ ሹፌሩ አልፎት ሄዶ ነበር። ጠረጴዛው መሃል ለሁለት የተከፈለ ድስት ይጣዳል። አንዱ ወገን በበሬ ሞራና በበርበሬ የቀላ፣ ሌላው ነጭ የአጥንት መረቅ። ስስ ተደርጎ የተከተፈ ሥጋ፣ እንጉዳይ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ) እና ጎመን እየነከሩ መብላት ነው። በርበሬውን ሀበሻ አይፈራውም። ጉድ የምትሠራው ትንሿ የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ናት፤ ከማቃጠል ይልቅ ምላስና ከንፈር ታደነዝዛለች። ታናሽ እህቴ ከንፈሯ መኖሩን በጣቷ ስታረጋግጥ አመሸች። ደግሞ አትቸኩሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጓንግዡ ላይ ቶሎ የሚበስለው ድንች እዚህ ወሬ ያስጨርሳል።

ነጩ መረቅ የምን አጥንት እንደሆነ ጠይቁ። በአብዛኛው ቻይና የዘወትር ሥጋ አሳማ ነው፤ ሥጋው የበሬ ቢሆን እንኳ መረቁ ላይሆን ይችላል። ከዚህ ጭንቀት የሚገላግለው የላንዡ ኑድል ነው። ምግቡ የሰሜን ምዕራብ ቻይና የሁዪ ሙስሊሞች ስለሆነ አሳማ አይነካውም። ጥርት ያለ የበሬ መረቅ፣ ነጭ ራዲሽ፣ ቀይ የበርበሬ ዘይት፣ ከላይ ድንብላል ቅጠል። ኑድሉን በእጁ እየጎተተና እያጠፈ የሚያቀጥነው የኛው ልጅ ነበር፤ ጓንግዡ ካየኋቸው አያንስም። እናቴ ግን «ሥጋው የማን ነው?» ብላ ጠየቀች። የሙስሊም መሆኑን ስትሰማ በእንቁላልና በቲማቲም የተሠራውን አዘዘች፤ እሱም ጥሩ ነበር።

ለጾመኛ የሰሜን ምሥራቁን ምግብ እመርጣለሁ። ድንች፣ ደበርጃንና ቃሪያ በዘይት ተጠብሰው በነጭ ሽንኩርትና በሶያ ሶስ ይታሻሉ። ሳህኑ በደቂቃ ባዶ ቀረ። ማፖ ቶፉ የሚባለው የሚያቃጥል የቶፉ ወጥ የሲቹዋን ነው፤ የተፈጨ ሥጋ ስለሚገባበት «ያለ ሥጋ» በሉ። ቅመሙ ከባቄላና ከበርበሬ ተብላልቶ የሚሠራ ስለሆነ ስልጆ የለመደ አፍ ቶሎ ይቀበለዋል። ጎመን ስታዙ ኦይስተር ሶስ እንዳይገባ ተናገሩ፤ ከባሕር እንስሳ ስለሚሠራ ጾም አይደለም።

የካንቶን፣ ማለትም የጓንግዡ አካባቢ፣ ምግብ ለማግኘት አትድከሙ። የጓንግዡ ሰው ዓሣውን ገንዳ ውስጥ ሲዋኝ ካላየ አያዝም። እዚህ የቀረበልኝ ቆሮሶ ዝንጅብሉም ሶሱም ልክ ነበር፣ ዓሣው ግን በረዶ ቤት የቆየ ነው። ዲም ሰሙም (በአብዛኛው በእንፋሎት የሚበስሉት ትንንሽ ምግቦች) እንደዚያው።

መስተንግዶው ደህና ነው። አስተናጋጆቹ ቻይንኛ ሲናገሩ እኔን ያስንቃሉ። ያናደደኝ አንድ ቤት ያየሁት የሜኑ ነገር ነው። ለኛ ባለ ፎቶዋን ቀጭን ሜኑ ሰጡን፤ አጠገባችን ለተቀመጡት ቻይናውያን ደግሞ መጽሐፍ የሚያክል። እሱን አምጡልኝ ስል «እናንተ አትወዱትም» ተባልኩ። ምን አገባቸው! ግድ የላችሁም፣ ትልቁን ጠይቁ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሜኑው ላይ ባለው ላይ 15 በመቶ ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ የሚጨምሩ ስላሉ ቀድማችሁ አጣሩ። ክፍያ በቴሌብር ሁሉም ጋ ሠርቶልኛል። ለሆት ፖቱ ግን ቅዳሜ ማታ ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ክፍሎቹን የኮንስትራክሽን ድርጅት ሰዎች ቀድመው ይይዟቸዋል። በአዘቦት ቀን ለምሳ ቦታም ፓርኪንግም አይጠፋም።