ርካሹ የመስኮት ኤሲ በእጅ በተሠራች ተጎታች ላይ፦ ከአንድ የቴክሳስ ሰመር በኋላ

የዳላስን ሐምሌ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ቀኑን 38 ዲግሪ አልፎ የሚውልበት ጊዜ አለ፣ ማታም እፎይ አያሰኝም። በዚህ ሙቀት ኤሲ የሌላት የካምፒንግ ተጎታች፣ ያቺ መኪና የሚጎትታት ማደሪያ፣ የዳቦ ምድጃ ናት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ክርክር የነበረው የትኛው ኤሲ ይገዛ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ተጎታች ተብሎ የሚሸጠው የጣሪያ ኤሲ አብዛኛው 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ነው። ጣሪያ ላይ 14 በ14 ኢንች ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ክብደቱን የሚሸከም ጣሪያም ይፈልጋል። ዋጋውን ተዉት። የእኔዋ ተጎታች 6 በ10 ጫማ ናት። ግድግዳዋ ኮምፔርሳቶ፣ መሃሉ የ1 ኢንች ፎም፣ ውጭዋ ላሜራ። 5,000 ቢቲዩ የመስኮት ኤሲ እስከ 150 ካሬ ጫማ ለሚሆን ክፍል ነው የሚመከረው፤ የእኔዋ 60 ናት። በ150 ዶላር ገደማ ገዛሁ። ሪሞት የሌለውን፣ በእጅ የሚዞረውን። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ሥራውን ይቀጥላል፣ ካምፕ ውስጥ ደግሞ መብራት መጥፋቱ አይቀርም።

ወሳኙ ነገር ኤሲው የሚተነፍስበት መንገድ ነው። የመስኮት ኤሲ በጀርባው ሙቅ አየር ይተፋል፤ ለዚያ የሚሆነውን አየር የሚስበው ግን በጎንና በጎኑ ካሉት ክፍተቶች ነው። ጎኖቹን ግድግዳ ውስጥ ወይም ሳጥን ውስጥ ካፈናችሁት የተፋውን ሙቀት መልሶ ይጠጣል። ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ይግላል፣ መከላከያው ያጠፋዋል፣ ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ከዚያ ምስኪኑ ኤሲ "አይረባም" ይባላል። ለግድግዳ ተብሎ የተሠራ፣ የጎን ክፍተት የሌለው ዓይነት አለ። እሱ ግን በብዛት ከ8,000 ቢቲዩ ነው የሚጀምረው፣ ክብደቱም ለትንሽ ተጎታች ይበዛል።

እኔ የሠራሁት መሳቢያ ነው። የፊተኛው ግድግዳ ላይ፣ ከመጎተቻው ከፍ ብሎ፣ በአንጎላሬ ፍሬም አበጀሁ። ኤሲው ከባድ ክብደት በሚችል የመሳቢያ ሐዲድ ላይ ተቀምጧል። መንገድ ላይ ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይገባና ከውጭ የላሜራ በር ይዘጋበታል። ካምፕ ስንደርስ በሩን ወደ ላይ እከፍታለሁ፣ ኤሲውን ቆልፈው የሚይዙትን ሁለት ዳዶዎች በእጄ አላላለሁ፣ ጎኖቹ ውጭ እስኪወጡ እገፋዋለሁ፣ መልሼ አጠብቃለሁ። የተከፈተው በር ከላይ ጥላ ይሆነዋል። ዙሪያውን የሚዘጋው የመኪና በር ጎማ ነው፤ እስካሁን አልተሰነጠቀም፣ ዝናብም አላስገባም። ዳዶዎቹ ግን በኮምፕረሰሩ ንዝረት ይላላሉ። የሚይዝ ዋሸር ካስገባሁባቸው ወዲህም ጠዋት ጠዋት መነካካቴን አልተውኩም።

የኤሲው ክብደት 18 ኪሎ አካባቢ ነው። ፊት ላይ መሆኑ ብዙ አይጎዳም፣ ምክንያቱም መጎተቻው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲሆን ነው የሚፈለገው። የተጎታቿን ባትሪ ግን ወደ ኋላ ወስጄዋለሁ።

የውሃው ነገር እንደ ቦታው ነው። ፓሎ ዱሮ ካንየን፣ አማሪሎ አጠገብ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ጠብታ እንኳን ለማየት ይቸግራል። ካዶ ሐይቅ ስንሄድ፣ ያ ሳይፕረስ ውሃ ውስጥ የቆመበት ምሥራቅ ቴክሳስ፣ ኤሲው ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ አደረ። ኤሲው ወደ ውጭ ትንሽ ማዘንበል አለበት፣ አለበለዚያ ውሃው አልጋ ላይ ነው። ተጎታች ላይ ደግሞ ማዘንበሉን የሚወስነው አቋቋሟ ነው። ስለዚህ ክሪኩን ወደ ታች አወርድና ፊቷን ጥቂት ዝቅ አደርጋታለሁ። ውሃ ልኩ ከአልጋው ሥር አይለይም። ጀርባው ላይ ውሃ ሲንቦጫረቅ ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ፋኑ ውሃውን እያነሳ ትኩሱ ኮይል ላይ የሚረጨው ሆን ተብሎ ነው፣ ለማቀዝቀዝ ያግዛል። ታች ቀዳዳ አበጅቶ ውሃውን ማስወጣት የሚወዱ አሉ፣ እኔ አልነካሁትም።

ኤሌክትሪኩ ላይ ቅሬታ የለኝም። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ በመለኪያዬ 450 ዋት አካባቢ ያሳያል። የስቴት ፓርኮቹ የኤሌክትሪክ ቦታ ላይ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ኤክስቴንሽኑ ግን ወፍራም ይሁን፣ 12 ጌጅ። ገመዱን ጨብጣችሁ ሞቅ ካለ ቀጭን ነው ማለት ነው። በ2,000 ዋት ጄኔሬተርም ይሠራል፣ ግን የጄኔሬተሩን የነዳጅ ቁጠባ ማብሪያ አጥፉት፤ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ የሚስበው ከመደበኛው እጥፍ ድርብ ስለሆነ ጄኔሬተሩ ይንገዳገዳል። ኤሲውን ካጠፋችሁትም ሦስት ደቂቃ ሳትጠብቁ መልሳችሁ አታብሩት። ጄኔሬተሩ ከተጎታቿ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱ ወደ መስኮት አይዙር፣ ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር። ይህ ቀልድ የለውም።

"በሶላርስ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። 100 አምፒር አወር ሊቲየም ባትሪ 1,280 ዋት አወር ነው። ኮምፕረሰሩ ሳያቋርጥ ከሠራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው። የምሳ እንቅልፍ ያስተኛል፣ ሌሊት አያሳድርም።

ማቀዝቀዙስ? በፀሐይ ቆማ የዋለችን ተጎታች በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰው የሚቀመጥባት ያደርጋታል። ጥላ ሥር ከሆነች ማታ ዝቅተኛው ላይ አድርገነውም ብርድ ልብስ እንፈልጋለን። ትልቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ትልቁ ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እርጥበቱን ሳያወጣ።

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን የሄደች ጊዜ ግን ኤሲው ተፈተነ። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ጋቢ ደርባ፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄን ነገር አጥፋልኝ፣ ንፋስ ይመታኛል" አለችኝ። ውጭው 35 ዲግሪ ነው። የአየር መምሪያ ክንፎቹን ወደ ጣሪያው አዞርኳቸው፣ አልጋዋንም ወደ ኋላ አደረግነው። ቀዝቃዛ አየር ከላይ ስለሚወርድ ቤቷ እኩል ቀዘቀዘች፣ እሷም "አሁን ጠፋ አይደል?" አለች። አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ክንፎቹ ወደ ላይ እንደዞሩ ናቸው፣ ለሁላችንም ተመችቶናል።

የማልወደው ድምፁን ነው። ክፍሏ ትንሽ ስለሆነች ኮምፕረሰሩ በተነሳ ቁጥር ግድግዳው አብሮ ያጉረመርማል። ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ አድርጌ ቀነሰ፣ አልጠፋም። ፋኑን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መተው ይሻላል፣ ጆሮ ይለምደዋል። ሌላው፣ ይህ ኤሲ ያንኑ የውስጥ አየር ነው የሚያዞረው። ከአንድ ሰው በላይ ካደራችሁ የጣሪያውን መስኮት በጣት ያህል ክፈቱ። ቡና መቁላት ውጭ ነው፤ ባለቤቴ ይህን ሕግ እስካሁን አልፈረመችም።

ለመንገድ ተብሎ ያልተሠራ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናውን እንደሌለ ቁጠሩት። ማጣሪያውን በየጉዞው ማራገፍ፣ ለሳምንታት ከቆመ ደግሞ ከማብራት በፊት ጀርባውን በባትሪ ማየት ያስፈልጋል፤ የጭቃ ተርብ ቤት ሠርታበት አግኝቻለሁ።

እነዚያ በዩ ቅርጽ የሚሠሩትና ድምፃቸው ዝቅ ያለው ኤሲዎች ያስጎመጃሉ። ግን የተሠሩት የመስኮቱ መስታወት መሃላቸው ገብቶ እንዲዘጋ ነው። የእኔዋ መሳቢያ ላይ ለመግጠም ግድግዳውን እንደ አዲስ መቁረጥ ሊኖርብኝ ነው። ያለኝ እየሠራ ትራፓኖ አላነሳም።