ለሬዚን ክፍል የትኛው ማሞቂያ? ፋን ያለው፣ ግላይኮል የያዘው ወይስ ፋን የሌለው

ኅዳር ላይ በጠዋት አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም ፋብሪካ ገብታችሁ ከሆነ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በርሜሉ ተጋድሟል፣ ክዳኑ ተከፍቷል፣ አልኪድ ሬዚኑ፣ የዘይት ቀለም መሠረት የሆነው ሙጫ፣ ግን አይወርድም። እንደ ከረመ ማር አንድ ክር እየሳበ ይንጠለጠላል። ሁለት ሠራተኛ በርሜሉን ይገፋል፣ ፎርማኑ ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አንዱ "ለምን ማሞቂያ አንገዛም?" ይላል።

ሐሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ ክፍሉ ነው። ሬዚኑ ራሱ በዋይት ስፒሪት ወይም በዛይሊን፣ ማለትም በሚቀጣጠል ማቅጠኛ፣ የቀጠነ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ የቲነር በርሜል አለ። የሚተነው ነገር ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ለሳሎን የሚገዛው ማሞቂያ እዚያ ክፍል አይገባም። ለፍንዳታ አስጊ ቦታ ተብሎ የተሠራ ያስፈልጋል። እናም ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። ግዢ ክፍል ሁለት ነገር ያያል፤ ኪሎዋትና ዋጋ። እኔ እነዚህን ሁለቱን የማየው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ የገላው ሙቀት

ማሞቂያው ሲሠራ ገላው ስንት ዲግሪ ይደርሳል? ኔምፕሌቱ፣ ማለትም ዕቃው ላይ የተለጠፈችው የመረጃ ሳህን፣ ላይ በ"ቲ" እና በቁጥር ተጽፏል። ቲ1 እስከ 450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈቅዳል፣ ቲ2 እስከ 300፣ ቲ3 እስከ 200፣ ቲ4 እስከ 135፣ ቲ5 እስከ 100፣ ቲ6 እስከ 85። ቁጥሩ ሲጨምር ገላው ይቀዘቅዛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚፈራው የማይሆነውን ነው። ቲነር ውስጥ የሚገኘው ቶሉይን ይሸታል፣ ራስ ያዞራል፣ በ4 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉም ይፈራዋል። ከብልጭታ አንፃር ልክ ናቸው። ነገር ግን ቶሉይን ያለ ብልጭታ፣ በጋለ ገላ ብቻ እንዲቀጣጠል ወደ 480 ዲግሪ ይፈልጋል። ዋይት ስፒሪት በተቃራኒው ነው። በቀዝቃዛ ክፍል ትነቱ ጥቂት ስለሆነ "እሱ እንኳ ምንም አይል" ይባላል። የጋለ ብረት ላይ ወይም አጠገብ ከፈሰሰ ግን ከ230 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ውስጥ በራሱ ሊነድ ይችላል። ለቶሉይን በቂ የሆነው ቲ2 ማሞቂያ ለዋይት ስፒሪት ክብሪት ነው። በዋይት ስፒሪት የምትሠሩ ከሆነ ቲ3 ወይም ከዚያ የቀዘቀዘ ያልሆነውን ፕሮፎርማ ዋጋውን ሳታዩ መልሱት።

ሦስቱ ጎን ለጎን

ፋን ያለውና ኤለመንቱ በቀጥታ አየር የሚያሞቀው ከሦስቱ ርካሹም ፈጣኑም ነው። ከኋላ ሞተርና ፋን፣ ከፊት ክንፍ የተጠመጠመባቸው ኤለመንቶች አሉት። ያዘዛችሁት ሻይ ሳይመጣ አየሩ መሞቅ ይጀምራል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ኤለመንቱ በልኩ የሚቆየው አየር ሲነፍስበት ብቻ ነው። አየሩ ከቀነሰ ኤለመንቱ ይግላል። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ አየር የሚቀንስ ነገር ሞልቷል። ታልኩ፣ ካልሲየም ካርቦኔቱ፣ ፒግመንቱ ከሬዚን ትነት ጋር ተለውሶ በክንፎቹ መሃል እንደ ጭቃ ይለጠፋል።

ለዚህ ሲባል ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚቆርጥ ሊሚት ተሠርቶለታል። አንድ ቦታ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማሞቂያው በየግማሽ ሰዓቱ እየቆረጠ አስቸገረ። የፈረቃው ኤሌክትሪሻን ሊሚቱን "ዳይሬክት" አደረገው። ሁለት ገመድ ጠምዝዞ በቴፕ ጠቀለለው፣ ማሞቂያውም "ተሠራ"። ከቀናት በኋላ ሽፋኑ ሲከፈት የክንፎቹ ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል። ተራ ብረት እንዲያ ያለ ሰማያዊ የሚያወጣው ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ኔምፕሌቱ ግን ቲ3 ይላል። መነሻው ምን ነበር? ከኋላ ያለው የፋን መከለያ በዱቄት ተደፍኖ ነበር። በብሩሽ የአሥር ደቂቃ ሥራ።

ግላይኮል የያዘው ከሩቅ ሲታይ ያኛውን ይመስላል። ፋንም አለው። ልዩነቱ ሆዱ ውስጥ ነው። ኤለመንቱ አየር አያገኘውም። አየር ተስቦ በወጣለት የታሸገ ጋን ውስጥ፣ በውሃና በግላይኮል (የመኪና ራዲያተር ውስጥ በሚጨመረው ዓይነት ፈሳሽ) ተነክሮ ይቀመጣል። ፈሳሹ ይተናል፣ እንፋሎቱ ወደ ክንፋም ቱቦዎቹ ይወጣል፣ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ጠብታ ሆኖ ይመለሳል። የአረቄ ማውጫ አስቡ፤ ብቻ ጠብታው ወደ ጠርሙስ አይሄድም፣ ተመልሶ ማሰሮው ይገባል። ሙቀቱ በቱቦዎቹ ላይ እኩል ስለሚሰራጭ ለብቻው የሚግል ቦታ አይኖርም። በአቧራ ቢሸፈን ማሞቅ ይደክመዋል እንጂ እንደ መጀመሪያው አይቀላም። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ግን ያማል። ክብደቱም እንደዚያው፤ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ መስቀያውን ከአናት ብረት ላይ አስቡት። የታሸገው ጋን አየር ካስገባ ወይም ካንጠባጠበ ደግሞ እኛ አገር ወርክሾፕ ከፍቶ የሚያድነው አይደለም። የሴፍቲ ቫልቩ አካባቢ እርጥበት ወይም የደረቀ የግላይኮል ዱካ ካያችሁ አጥፉትና አምራቹን ጠይቁ።

ፋን የሌለው ስለ ራሱ ብዙ የሚባል የለውም፤ ጥሩነቱም ይኸው ነው። ወለል አጠገብ ይሰቀላል፣ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይገባል፣ ሞቆ ከላይ ይወጣል። ሞተር የለም፣ ቦል ቤሪንግ የለም፣ ድምፅ የለም። ጠላቱ ሰው ነው። ብርድ ያገኘው ሠራተኛ እርጥብ ጓንቱንና ቱታውን ላዩ ላይ ያሰጣል። ያን ጊዜ አየር ማለፊያው ይዘጋል፤ ጨርቁ ቲነር ነክቶት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዕቃ ሊቀመጥበት የማይችል ተዳፋት አናት ያለውን ምረጡ።

ስንት ኪሎዋት?

አንድ ባለ 200 ሊትር የሬዚን በርሜል ከ10 ወደ 30 ዲግሪ ለማድረስ የሚፈልገው ሙቀት ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። አዎ፣ ሁለት። አሥር በርሜል ቢሆን ከ20 ትንሽ ይበልጣል። ማታ 12 ሰዓት አብርታችሁ ጠዋት 12 ሰዓት ብትደርሱ፣ በርሜሎቹ ራሳቸው የሚወስዱት በአማካይ 2 ኪሎዋት እንኳ አይሞላም። በግድግዳና በጣሪያ የሚጠፋው፣ ቬንቲሌሽኑም ይዞት የሚወጣው ይጨመርበታል። ሙቀት ለመቆጠብ ብላችሁ ቬንቲሌሽኑን መዝጋት ግን በፍጹም እንዳታስቡ።

ከዚህ የሚገባን ነገር አለ። ሬዚን ሙቀትን ወደ መሃሉ የሚያስገባው ቀስ ብሎ ነው። 15 ኪሎዋት ፋን ብታስነሱበት አየሩ ይጋጋላል፣ የበርሜሉ ቆዳ ይሞቃል፣ መሃሉ ግን ያው ማር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሞቂያ የሚሸጥበት ፍጥነት ለበርሜል ክፍል ጥቅም የለውም። ፍጥነት የሚጠቅመው በር እየተከፈተ እየተዘጋ ሰው በሚሠራበት አዳራሽ ነው።

ከፍታና ቮልቴጅ

ለፍንዳታ አስጊ ቦታ የሚሠሩ ዕቃዎች የሚፈተሹበት ዋናው ደረጃ፣ የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) 60079-0፣ የአየር ግፊቱ ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል ነው ብሎ ይነሣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። ግፊቷ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ቢሆን ነው። ከወሰኑ በታች ነን። ዕቃው አይሠራም ማለት አይደለም። ሆኖም አየሩ ስስ ነው። ፋኑ በባሕር ዳርቻ አገር የሚገፋውን ያህል ሜትር ኩብ እዚህም ይገፋል፣ በክብደት ሲታይ ግን ሩብ ያህል ይጎድላል። ኤለመንቱን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ክብደቱ ነው። ስለዚህ ፋን ያለው ማሞቂያ እዚህ ከታሰበው በላይ ይሞቃል። ፋን የሌለውም ከዚህ አያመልጥም፤ በአንድ ካሬ ሜትር የሚሸከመው ዋት ጥቂት ስለሆነ ግን ቻይ ነው። ለሦስቱም አምራቹን "ለ2,400 ሜትር ከፍታ የቲ ደረጃው ይጸናል ወይ? ኪሎዋቱስ መቀነስ አለበት?" ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም። ድሬዳዋ ያለ ሰው መጀመሪያውኑ የሬዚን ማሞቂያ ምን ያደርግለታል?

ቮልቴጁ ደግሞ አለ። የአሜሪካ ገበያ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ ለ480 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። እኛ ጋ 380 ቮልት ነው፣ 50 ኸርዝ። የኤለመንት ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 10 ኪሎዋት ብላችሁ የገዛችሁት ወደ 6.3 ይወርዳል። ፋኑም በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን ሰርተፍኬቱ የሚሠራው ለተጻፈበት ቮልቴጅ ነው።

ኔምፕሌቱን ስታነቡ

"ኤክስፕሎዥን ፕሩፍ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። በዓለም አቀፉ አከፋፈል ዞን 0 ጋዙ ሁልጊዜ ወይም ለረጅም ጊዜ ያለበት ቦታ ነው፤ ዞን 1 በመደበኛ ሥራ አልፎ አልፎ የሚኖርበት፣ ዞን 2 ደግሞ በመደበኛ ሥራ የማይጠበቅበት፣ ቢመጣም ለአጭር ጊዜ የሆነበት። በርሜል የሚከፈትበት አካባቢ በአብዛኛው ዞን 1 ሆኖ ይገኛል። የአሜሪካው ዕቃ "ክላስ 1 ዲቪዥን 1" ወይም "ዲቪዥን 2" ይላል። ዲቪዥን 2 የሚቀራረበው ከዞን 2 ጋር ስለሆነ ለዞን 1 አትውሰዱት። የሰርተፍኬቱ ቁጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ ኤክስ ፊደል ካለች ቆም በሉ። ልዩ የአጠቃቀም ሁኔታ አለው ማለት ነው። ሁኔታው ሰርተፍኬቱ ውስጥ ተጽፏል፤ ሻጩ ሳያሳያችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ከገዛችሁ በኋላ

የገመድ መገናኛው ሣጥን ጋዝ አያስገባም ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ያስገባል። በዚህ ዓይነቱ ወፍራም ሣጥን ጥበቃው ሌላ ነው። ውስጥ ቢፈነዳ ነበልባሉ በክዳኑና በአፉ መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ውጭ ያለውን አያቀጣጥልም። ስለዚህ ያ ልሙጥ የብረት ገጽ ራሱ መከላከያው ነው። በካቻቢቴ ፈልቅቃችሁ ብትጭሩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ብትፍቁት፣ ሲሊኮን ብትቀቡት አበላሻችሁት። የጠፋ ቡሎን ካለ በተመሳሳዩ ይተካ። 8 ቡሎን የሚገባበት ሣጥን በ7 ሲዘጋ ተራ ቆርቆሮ ነው። ሦስቱም ማሞቂያዎች ይህ ሣጥን ሊኖራቸው ስለሚችል እዚህ ላይ ብልጫ የለም።

ብልጫው በጽዳት ነው። ዱቄት ባለበት ክፍል ፋን ያለውን በየሳምንቱ፣ ግላይኮሉን በየወሩ፣ ፋን የሌለውን ክፍሉ ሲጠረግ አብሮ አጽዱት። ኃይሉ ከብሬከር ተቆርጦ፣ ተቆልፎ፣ ገላው ቀዝቅዞ። ከዚያ ሌላ አይኢሲ 60079-17 የሚለው የወቅት ምርመራ አለ። ያለ ባለሙያ ምክር በምርመራዎቹ መካከል ከ3 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይላል። በእኛ አቧራ በየዓመቱ ቢሆን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤለመንቱ ውስጥ የታጨቀው ማግኒዥየም ኦክሳይድ እርጥበት ይጠጣል። መጋዘን ውስጥ ክረምቱን የከረመ ማሞቂያ ወዲያው ሙሉ ኃይል አይሰጠውም። መጀመሪያ በሜገር (የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋንን ጥንካሬ በሚለካው መሣሪያ) ይለካ፣ ዝቅ ካለ ይድረቅ። ሜገሩ ራሱ ብልጭታ ሊያወጣ ስለሚችል ልኬቱ የሚቀጣጠል ትነት በሌለበት ቦታ ይሁን።

እኔ ብሆን

ለበርሜል ክፍል ፋን የሌለውን ቲ3 ወይም ቲ4 እገዛለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ይሥራ፤ ሬዚኑም ከዚያ በላይ አይቀበልም። ሰው ለሚሠራበት ሰፊ አዳራሽ ግላይኮሉን፣ ዋጋው እያመመኝም ቢሆን። ፋን ያለውን የምገዛው የጽዳት መዝገብ በትክክል ለሚሞላ የጥገና ክፍል ብቻ ነው፣ ያውም ዱቄት ለሌለበት ክፍል። ግቢያችሁ ውስጥ የሙቅ ውሃ ቦይለር ካለ ደግሞ ሦስቱንም ተዉት። ቦይለሩ ከአስጊው ክልል ውጭ ይሁን፣ ውሃውን በ80 ዲግሪ በቧንቧ ወደ ክፍሉ አስገቡ። የቧንቧው ገላ ከቲ6 ወሰን በታች ነው፣ ክፍሉ ውስጥም የማሞቂያ ገመድ አይኖርም።

ፋን ያለበትን ከመረጣችሁ መለዋወጫ ሞተሩንና ሊሚቱን በዚያው ኤልሲ (ለውጭ ግዢ ባንክ በሚከፍተው የክፍያ ሰነድ) አብራችሁ እዘዙ። ሞተሩ ሲቃጠል የሚወሰደው ሰፈር ውስጥ ወደሚጠቀልል ሰው ነው። እሱ ጎበዝ ነው፣ በሁለት ቀን ይመልስላችኋል። ግን የሽቦውን ውፍረትና የገላውን ሙቀት በሰርተፍኬቱ ልክ ስለመጠበቁ ወረቀት አይሰጣችሁም። ለአንድ ሞተር ብቻ ምንዛሪ ስትጠብቁ ደግሞ ሌላ ኅዳር ይመጣል።