ለሳፋሪ ቦርሳ ከመግዛታችሁ በፊት ልብሱን ማን እንደሚያጥበው እወቁ

ከዋሽንግተን ወይም ከአዲስ አበባ ስንነሳ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ለምደናል። ናይሮቢ ደርሳችሁ የዱር እንስሳት ለማየት ወደ ማሳይ ማራ ጥብቅ ሥፍራ የምትበሩ ከሆነ ግን ከዊልሰን ኤርፖርት የምትነሳው ትንሿ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የምትፈቅደው 15 ኪሎ ብቻ ነው። እሱም የእጅ ቦርሳውንና ካሜራውን ጨምሮ። እኔ ይህን የተማርኩት እዚያው ሚዛኑ ፊት ቆሜ ነው። 21 ኪሎ አነበብኩ፣ ሻንጣዬ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። መሬት ላይ ከፍቼ የሚያስፈልገኝን ልብስ ወደ ጀርባ ቦርሳዬ ገለበጥኩና የቀረውን ናይሮቢ ለሚኖር ዘመድ ላኩት።

ሳምንቱን ሙሉ ከቀረው ልብስ አንዱም አላስፈለገኝም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው፤ የያዝኩት ልብስ ታጥቦ አይደርቅም ነበር።

ስለዚህ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ልብሱ የት እንደሚታጠብ አጣሩ፣ ከዚያ ልብስ ግዙ፣ ቦርሳው መጨረሻ ይምጣ እላለሁ። ብዙ ሰው ትልቅ ቦርሳ ገዝቶ ከዚያ መሙላት ይጀምራል።

ካምፑ ያጥብ ወይስ ራሳችሁ?

ብዙ የሳፋሪ ካምፖች ልብስ ያጥባሉ። አንዳንዱ ዋጋው ውስጥ ያካትተዋል፣ አንዳንዱ በቁራጭ ያስከፍላል። ስትይዙ ጠይቁ። ጠዋት ትሰጣላችሁ፣ በእጅ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ተተኩሶና ተጣጥፎ ማታ አልጋችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ምቾቱ ትልቅ ነው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አንድ ካምፕ ሁለት ሌሊት ብቻ የምታድሩ ከሆነ በመጀመሪያው ጠዋት ስጡ፤ በሁለተኛው ቀን ከሰጣችሁና ዝናብ ከመጣ እርጥብ ልብስ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት፣ ትልቁ ዝናብ ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ ቦታ የውስጥ ሱሪ አያጥቡም። የባህል ጉዳይ ነው፣ እኛም ጋ ያው ነው፣ ማንም ሙታንታውን ለሌላ ሰው አሳልፎ አይሰጥም። ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ የሳሙና ዱቄት ያስቀምጡላችኋል፣ የውስጥ ሱሪውን ራሳችሁ ታጥባላችሁ።

መተኮሱ ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም። እርጥብ ልብስ ላይ እንቁላሉን የሚጥል ዝንብ አለ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ቆዳ ውስጥ ይገባና እንደ እባጭ ያብጣል። ካውያ ይገድለዋል። ራሳችሁ ካጠባችሁ ውጭ ቁጥቋጦ ላይ አታስጡ፣ ድንኳን ውስጥ መረቡን ዘግታችሁ ስቀሉ።

በእጅ ማጠብ በዋጋ ይረክሳል፣ ጊዜውንም ራሳችሁ ትመርጣላችሁ፣ ግን ልብሱ በአንድ ሌሊት የሚደርቅ መሆን አለበት። የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። ሸሚዙን አለቅልቃችሁ ጨምቁት። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ላይ ዘርጉት፣ ፎጣውን ከነሸሚዙ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉት፣ በባዶ እግራችሁ ቁሙበትና ከጫፍ እስከ ጫፍ ርገጡት። ፎጣው ሲከብድ ይሰማችኋል፤ ውሃው ወደ እሱ ሄዷል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስስ ፖሊስተር ከሆነ እስከ ጠዋት ይደርቃል። የድፍን ሳሙና ቁራጭ ያዙ፣ ፈሳሽ ሳሙና ቦርሳ ውስጥ ይፈሳል። ለመስቀያ ደግሞ ሁለት ሆኖ የተጠማዘዘ ላስቲክ ገመድ ግዙ፣ ልብሱን መሀሉ ሰክታችሁ ስለምትሰቅሉ መቆንጠጫ አያስፈልገውም።

ጥጥ፣ ፖሊስተር ወይስ የሜሪኖ ሱፍ?

ሻጩ የማይነግራችሁ እዚህ ጋ ነው። መልሱ በማጠቢያው ይለያያል።

ካምፑ የሚያጥብላችሁ ከሆነ ጥጥና ፖሊስተር የተደባለቀበት ሸሚዝ ይሻላል። ንጹህ ፖሊስተር በጣም የጋለ ካውያ ሲነካው ይቀልጣል ወይም ያብረቀርቃል፣ በተለይ ሙቀቱን መቆጣጠር በማይቻልበት የከሰል ካውያ። የሜሪኖ ሱፍ (ሜሪኖ ከሚባል በግ የሚገኝ ስስ ሱፍ) ደግሞ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከታሸ ይኮማተራል። ውድ ልብስ ነው፣ የልጅ ሸሚዝ ሆኖ ሲመለስ ያናድዳል።

ራሳችሁ የምታጥቡ ከሆነ ይገለበጣል። ስስ ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ላብ ይሸታል፣ በየቀኑ መታጠብ ይፈልጋል። ሜሪኖ ሦስትና አራት ቀን ለብሳችሁት አይሸትም፣ ለቀዝቃዛ ጠዋትም ይሞቃል፣ ዋጋው ግን የፖሊስተርን ብዙ እጥፍ ነው። ኪሳችሁ ከቻለ ሜሪኖው ካልሲ ይሁን፤ ልዩነቱ ከሸሚዝ ይልቅ እግር ላይ ይታወቃል። ንጹህ ጥጥ ለማታ ብቻ፣ አንድ ቲሸርት።

ጂንስ እቤት ይቅር። አንድ ጂንስ ወደ 700 ግራም ይመዝናል፣ ከተነከረ እስኪደርቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እኔ በሁለተኛው ማታ አጠብኩት፣ በአራተኛው ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ሻግቶ አገኘሁት። ቀለሙም ጥሩ አይደለም። ታንዛኒያ ባሉት የሴሬንጌቲና የታራንጊሬ ፓርኮች ውስጥ ፄፄ የሚባለው የቆላ ዝንብ አለ፣ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ይስበዋል፤ እሱን ማጥመጃ የሚሰቅሉት ጨርቅ እንኳ ሰማያዊና ጥቁር ነው። ነጭ ደግሞ በአንድ ቀን ጉዞ አቧራ ይሆናል፤ ኬንያ ካሉት ፓርኮች የጻቮ አቧራ ቀይ ነው፣ የአምቦሴሊ ደግሞ አመድ ይመስላል። ካኪ፣ ቡኒ፣ የደረቀ ሣር ዓይነት አረንጓዴ ግዙ። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ግን አይሁን፤ ዩጋንዳ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ ሲቪል ሰው እንዲለብሰው አይፈቅዱም።

ጋቢ ልያዝ?

ይህን የሚጠይቀኝ አበሻ ብዙ ነው፣ ጥያቄውም ትክክል ነው። ታንዛኒያ ባለው የንጎሮንጎሮ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ከፍታው 2,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ክፍት መኪና ውስጥ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጋቢ ግን ይከብዳል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ከታጠበ ቶሎ አይደርቅም። በእሱ ፈንታ ስስ የፖሊስተር ሹራብ ከንፋስ መከላከያ ጃኬት ጋር ያዙ፤ ብዙ መኪናም ብርድ ልብስ ያስቀምጣል። ነጠላ ከሆነ አዎ፣ ያዙ። ቀላል ነው፣ ፊትን ከአቧራ ይሸፍናል፣ በአንድ ሌሊት ይደርቃል። ነጩን ትታችሁ ቀለም የተነከረውን ምረጡ።

ቦርሳውስ?

ለሰባት ቀን ሦስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ አራት የውስጥ ሱሪ፣ ሦስት ጥንድ ካልሲና ሹራብ ይበቃል። ይህ 40 ሊትር የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

በትንሽ አውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ጎማም የብረት ፍሬምም የሌለው ለስላሳ ቦርሳ ብቻ ግዙ። ዕቃ የሚጫነው ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ባለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ደረቅ ሻንጣ አይታጠፍላትም። ደረቅ ሻንጣ ባዶውን ሦስት አራት ኪሎ ስለሚመዝን ከ15ቱ ላይ ሲቀነስ ደግሞ ብዙ ነው። ታንዛኒያ ካለችው አሩሻ ከተማ ተነስታችሁ በመኪና ብቻ የምትዞሩ ከሆነ ግን ጎማ ያለው ለስላሳ ቦርሳ ብትገዙ አልቃወምም፣ ኤርፖርት ውስጥ ወገባችሁን ያሳርፋል፤ መኪናው ጀርባ ላይ ተጠቅጥቆ የሚገባ ይሁን እንጂ።

የቆሸሸውን ልብስ ለይቶ ለመያዝ የጨርቅ ከረጢት ጨምሩ። ፌስታል አትያዙ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ከልክለዋል። አሮጌ የትራስ ልብስ ለዚህ በቂ ነው፣ እሱንም መጨረሻ ላይ አብሮ ማጠብ ነው።