ኤክሶሶም፣ ፒአርፒ ወይስ የፋርማሲ ክሬም?

ባለፈው ሳምንት እህቴን ይዤ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የቆዳ ክሊኒክ ሄድኩ። ያስቸገራት ማድያት ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ከጠረጴዛዋ መሳቢያ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። "ኤክሶሶም ነው፣ ከኮሪያ የመጣ።" ፈሳሽ ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ ኮሪያኛ። "ፍሪጅ አያስፈልገውም?" ብላት "አታስቢ፣ እዚህም ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ። ዋጋውን ስንሰማ እህቴ እኔን አየች፣ እኔ መሳቢያውን።

ኤክሶሶም ሴሎች የሚለቋት ከረጢት ናት፤ ስፋቷ ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ። ፕሮቲን፣ ቅባትና አርኤንኤ ይዛ ከሴል ወደ ሴል መልእክት ታደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ስትገኝ ሳይንቲስቶች ሴል ቆሻሻውን የሚጥልባት ፌስታል መስላቸው ነበር። ዛሬ ቁስል ለማዳን፣ መድኃኒት ለማጓጓዝ፣ ካንሰርን ከደምና ከሽንት ለመለየት ይመራመሩባታል። ተስፋው የውሸት አይደለም። ግን የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሕክምና ያጸደቀው የኤክሶሶም ምርት የለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል።

እንደ ሴረም የሚቀባውን እኔ አልገዛም። ኤክሶሶም ትንሽ ብትሆንም ለደህና ቆዳ ትልቅ ናት፤ በቀላሉ አያስገባትም። ለዚህ ነው ክሊኒኮች መጀመሪያ ፊትን በማይክሮኒድሊንግ፣ ማለትም በጥቃቅን መርፌዎች፣ የሚበሱት። ችግሩ ብዙዎቹ የኮሪያ ብልቃጦች የተመዘገቡት ከላይ ለሚቀባ መዋቢያ ነው። በተበሳ ቆዳ ሲገቡ ነገሩ ሌላ ነው። ደግሞ በእኛ መልክ ላይ መርፌው ራሱ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። የግድ ከፈለጋችሁ ከምን ሴል እንደተሠራ፣ እንዴት እንደተቀመጠ ጠይቁ። "ከሳልመን ዓሣ ነው" ካሏችሁ ያ ፒዲአርኤን የሚባል የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፣ ኤክሶሶም አይደለም። ሻጮቹ ያምታቱታል።

ፒአርፒ ቢያንስ ምንጩ ይታወቃል፤ የራስሽ ደም ነው። ትንሽ ደም ይቀዳል፣ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) የበዛበት ቢጫው ፈሳሽ ይወጋል። የሚገርመው ፕሌትሌቶችም ኤክሶሶም ይለቃሉ። ለሚሳሳ ፀጉርና ለብጉር ጠባሳ የተሻለ ማስረጃ አለው። አንዴ ተሠርቶ አያልቅም፤ በወር ልዩነት ሦስት አራት ጊዜ ይደገማል፣ ሂሳቡም እንደዚያው። መርፌውና ቱቦው ፊታችሁ ይከፈት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር።

ለማድያት ግን የሁለቱም ተራ ገና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ደመና ቢኖርም አትምርም። ሰንስክሪን ሳይቀቡ የሚሠራ ሕክምና ወንፊት ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ በተለይ ቀለም ያለውና አይረን ኦክሳይድ የገባበት ይሁን። ጠይም ቆዳ ላይ ማድያትን የሚያባብሰው ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ነው፤ ያንን ነጩ ሰንስክሪን አይከለክልም። ማታ ሐኪም ያዘዘው ትሬቲኖይን የሚባል ክሬም ሊጨመር ይችላል። ነፍሰ ጡር ግን አትንካው።

ከክሊኒኩ ወጥተን ፋርማሲ ገባን። ለእህቴ መልክ የሚሆን ቀለም ያለው ሰንስክሪን ለማግኘት እስከ ስታዲየም አራት ፋርማሲ ዞርን። ሦስቱ ያላቸው ፊትን አመድ የሚያስመስል ነበር።